ወደ ልጅ ልጃቸው ዘመን ለሚሳፈሩ ሁሉ የተሰጠ ምክር

በጊዜ ውስጥ ለመጓዝ ያሰቡ አንባቢ ካሉ፣ ስንቅዎን ከመቋጠርዎ በፊት አንድ የጃፓን ተከታታይ ድራማ ቢመለከቱ ይበጅዎታል። ርዕሱ «ፉቴኪሴትሱ ኒ ሞ ሆዶ ጋ አሩ» ይባላል፤ «ነውርም ልክ አለው» እንደ ማለት ነው። ኩዶ ካንኩሮ ደርሶት፣ ቲቢኤስ የተባለው ጣቢያ በ2024 መጀመሪያ ላይ በ10 ክፍሎች አሳይቶታል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ መንገደኛ ከመነሻው መሳሳት የለበትም።)

ባለታሪኩ ኦጋዋ ኢቺሮ በ1986 የስፖርት መምህር ነው። ተማሪ ይመታል፣ አፉ አያርፍም፤ ሚስቱ ስለሞተችበት የ17 ዓመት ልጁን ጁንኮን ብቻውን ያሳድጋል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሲጋራውን እያቦነነ ሳለ 2024 ላይ ይደርሳል። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ ቀላል ነው፦ ሲጋራዎን ያጥፉ። በ1986 ዞር ብሎ ያላየዎት ተሳፋሪ፣ በ2024 እንደ ቤት ቃጠሎ ያይዎታል። ስለ አንደበትዎ ደግሞ ከጣቢያው ይማሩ። ኦጋዋ አጉል ሲናገር፣ ንግግሩ የዘመኑን ሁኔታ ለማሳየት ሲባል እንዳለ መቅረቡን የሚገልጽ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ይወጣል። እርስዎም ይህንኑ በወረቀት ጽፈው ደረትዎ ላይ ይለጥፉ። ክርክር ከጠናብዎ ይዝፈኑ፤ በድራማው ውስጥ ሁሉም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰባት ቤት ይቁጠሩ። ኦጋዋን በ2024 ናጊሳ የምትባል፣ ሕፃን ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሠራተኛ ልቡን ትወስደዋለች። ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ ግን ኤሌክትሪክ የመሰለ ኃይል አስፈንጥሮ ይለያቸዋል። ምክንያቱ የሚታወቀው ኋላ ነው፦ ናጊሳ የጁንኮ ልጅ ናት። የእኛ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት የሚያስቆጥሩት ወደ ኋላ ብቻ ነው። እርስዎ ወደ ፊትም ሰባት ይቁጠሩ፤ ሁሉም ሰው እንደ ኦጋዋ የሚያስፈነጥረው አያገኝም።

ሦስተኛ፣ የክፍል ጓደኛዎን አይናቁ። ኪዮሺ የተባለው ልጅ ከእናቱ ጋር ከ2024 ወደ 1986 ሄዶ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ እዚያው የሚማረው ኢኖዌ ወደፊት አባቱ የሚሆን ልጅ ነው። የጊዜ መጓጓዣውን አውቶቡስ የሚፈለስፈውም ኢኖዌ ነው። ስለዚህ የተዋሱትን ማስመሪያ ይመልሱ፤ ባለቤቱ አንድ ቀን የትምህርት ቤት ክፍያዎን ይከፍል ይሆናል።

አራተኛው ምክር ከበድ ይላል። ኦጋዋ በ2024 የጁንኮን ባል ያገኛል፤ አማቹ በዕድሜ ከእሱ የገፋ ሰው ሆኗል። ከእሱም አፍ መርዶ ይሰማል፦ ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ንጋት ላይ ኮቤንና አካባቢዋን የመታው፣ ከ6,400 በላይ ሰው የፈጀው የመሬት መንቀጥቀጥ ኦጋዋን ራሱንም ጁንኮንም ወስዷቸዋል። ይህን ሰምቶ ወደ 1986 ይመለሳል፤ ልጁም ምንም ሳታውቅ እንደ ወትሮዋ ትመልስለታለች። ቤተሰብ ሁሉ ከልጁ የሚደብቀው ያለፈውን ነው፤ የአያትን ዕዳ፣ የአጎትን እስር፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ወንድም። ኦጋዋ የሚደብቀው ግን የሚመጣውን ነው። ጁንኮ ራሷ 2024ን ልታይ ስትመጣም፣ ናጊሳ በዕድሜ የምታንሳትን እናቷን ከተማ ስታዞር ምስጢሩን አፍና ነው።

ያለፈው ምስጢር ሲወጣ ያጣላል፣ ያስታርቃል። የሚመጣው ቢወጣ ግን ምን ይጠቅማል? ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር አውቀው ከተመለሱ፣ እንደ ወትሮዎ ይቆጡ። የሚያሳብቅብዎ ርኅራኄዎ ነው፤ ትናንት «ስድ» ያሏትን ልጅ ዛሬ «የኔ ዓለም» ቢሏት ወዲያው ትነቃለች። ቁጣውን ብቻ ከእራት በኋላ ያድርጉት፤ በፊት ካደረጉት አኩርፋ ክፍሏ ትገባለች፣ እራቱንም አብራችሁ አትበሉም።

የመጨረሻው ምክር ለልጆች ነው። በቀሚስሽ ማጠር፣ በመምሸትሽ ሲጮኽ የኖረ አባት ድንገት «ሂጂ፣ ተጫወቺ» ካለሽ ለመደሰት አትቸኩዪ። ኪሱን ፈትሺ። የአውቶቡስ ትኬት ካገኘሽ ግን ቀኑን ሳታነቢ መልሺለት፤ ቀሚሱንም ለአንድ ሰሞን ረዘም አድርጊውና የሚቆጣበት ሌላ ነገር ፈልጊለት።