እጇን ሳይሆን ጅራቷን

አንዋር መስጊድ ሰፈር፣ ዕጣን ከሚቸረችሩት ዘንድ ቆመናል። ከቆላ የመጣ ጆንያ ሲራገፍ አንዲት ቢጫ ጊንጥ ዱብ አለች። ተሸካሚው ወደ ኋላ ዘለለ።

«ኩንታል ተሸክመህ የማትንገዳገደው ሰውዬ፣ ለዚች?» አለው ደላላው።

«ኩንታል አይነድፍማ!»

«እጇን እየው እንጂ፣ ክር የመሰለ!»

«የሚያስፈራው እሱ ነው» አለ ተሸካሚው። «እጇ ሲቀጥን ጅራቷ ይወፍራል።»

እውነቱን ነው። መቆንጠጫው የደነደነ ጊንጥ ያገኘውን ጨፍልቆ ይበላል። መቆንጠጫው የሰለለ ግን ሥራውን ሁሉ ለመርዙ ትቶለታል። ከሰሐራ እስከ ሱዳን የሚኖረው ቢጫው ጊንጥ፣ ሌዩረስ ክዊንኩስትሪያተስ የሚባለው፣ እጀ ቀጭን ነው፤ መርዙ ግን ከክፉዎቹ መካከል ነው። ከዚያው መርዝ የተገኘው ክሎሮቶክሲን የአንጎል ዕጢ ሴሎች ላይ ስለሚጣበቅ፣ ተመራማሪዎች ዕጢውን ለቀዶ ሐኪም አብርቶ የሚያሳይ ቀለም ሠርተውበታል።

ባለሱቁ ብር የሚለይበትን ሐምራዊ መብራት ይዞ መጣ። ሲያበራባት አረንጓዴ ሆና ቦገግ አለች።

«ትክክለኛ ናት!»

«የዚች ፎርጅድ የለውማ!» አለ ተሸካሚው፣ ጣሳ ደፍቶባት።

የጊንጥ ቆዳ በዚህ ብርሃን ያበራል፤ ቅርፊቱን ገና የጣለ ካልሆነ በቀር። ቆላ የሚያድር ሰው ይህን መብራት ቢይዝ ደስ ይለኛል።

አንድ ሐጂ ደረሱ። «ምላጭ አዘጋጁ፤ የነደፈችው ካለ ይበጣ።»

ዕጣን ሻጯ ቀና አለች። «ሐጂ፣ አንድ ቁስል አይበቃውም? ሁለተኛ ለምን ይጨመርበታል?»

ለዚች ሴት እጅ ነሣሁ። መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥፍር አድርጎ ማሰር መርዙን አያወጣም፤ ሌላ ጉዳት ነው። ቀለበት ካለ ይውለቅ፣ የተነደፈው ቦታ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይደረግ። የተነደፈው ሕፃን ከሆነ ደግሞ «ትንሽ እንየው» አይባልም፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ። መርዙ ነርቭን ነው የሚያውከው፤ ልብና ትንፋሽ ላይ ሲደርስ ትንሽ ገላ አይችለውም።

ሐጂ ዝም ብለው ሰሟት። «እኔ እንኳ ኮከቤ አቅራብ፣ ጊንጥ ነው ልጄ። ዘመድ አይነድፍም ብዬ ነበር።»

«ነገ የት ነዎት?»

«ሰመራ።»

«እንግዲያው ጠዋት ጫማዎን አራግፈው ያድርጉ። ዘመድዎ ቀድሞዎት ገብቶ ይሆናል።»