የሚያፈሰውን መርጬልሃለሁ

ሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ
ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ዋሂል ላለኸው ለታናሽ ወንድሜ፤

እናታችን፣ አባታችን፣ ፍየሎቹ ደህና ናቸው? ማሽላው ጎተራ ገባ? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ድሬ ዳዋ ላይ 24 ዲግሪ ሲሆን ሰው «ዛሬስ ደህና ቀን ነው» ብሎ ይወጣል። እዚህም ዛሬ 24 ነው፤ ልዩነቱ ከቁጥሩ ፊት ያለችው ጭረት ብቻ ናት።

ማዳመጫ ግዛልኝ ብለህ የላክህልኝን ቮይስ ሰምቼዋለሁ። በቮይስ ያልመለስኩልህ ፍጥነቱን እጥፍ አድርገህ እንደምታዳምጠኝ ስለማውቅ ነው። ምክር በእጥፍ ፍጥነት ሲሰማ ጭቅጭቅ ይሆናል፤ ወረቀትን ግን ማንም አያፈጥነውም። ለማንኛውም ዕቃውን የሚያመጣልህ ሰው እስኪሳፈር ድረስ ጊዜ አለኝ፤ እንደልቤ ልጻፍ።

«ኳስ ተጫዋቾች ከአውቶቡስ ሲወርዱ ጆሯቸው ላይ የሚደፉትን፣ የውጭውን ድምፅ ጸጥ የሚያደርገውን፣ ጥቁሩን» አልከኝ። ቀለሙን ሳይቀር መርጠህ ዋጋውን አልጠየቅህም፤ ይህ የታናሽ ወንድም መብት ነው። ስለዚህ እኔ ጠየቅሁልህ። ሶኒ በ2022 ያወጣው (ከዚህ በኋላ ስለ ውጭው የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ደብሊውኤች-1000ኤክስኤም5 የሚባለው፣ ስሙ የመኪና ታርጋ የሚመስለው፣ ገበያ ሲወጣ 400 ዶላር ነበር። የአፕሉ ኤርፖድስ ማክስ በ2020 ሲወጣ 549 ዶላር ነበር። ይህ ስንት ፍየል እንደሚሆን አባታችንን ጠይቀው፤ ስትጠይቀው ግን ራቅ ብለህ ቁም።

አሁን «ስስታም» ልትለኝ ነው። ስስት አንዱ ምክንያት ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። ሌሎቹን ስማ።

ጸጥ የሚያደርገው ማዳመጫ ከውጭ በኩል ትናንሽ ማይክራፎኖች አሉት። እነሱ የውጭውን ድምፅ ሲሰሙ ውስጥ ያለችው ቺፕ የዚያኑ ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ትሠራለች። አንዱ ሽቅብ ሲል ሌላው ቁልቁል ይላል፤ ጆሮህ ደጃፍ ላይ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ይህንን ዓይነት ማዳመጫ ለገበያ ያበቃው አማር ቦዝ የሚባል፣ አባቱ ከሕንድ የሄደ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በ1978 ከዙሪክ ሲበር አውሮፕላን ላይ የተሰጠውን ማዳመጫ አደረገ፤ የሞተሩ ጩኸት ሙዚቃውን አላሰማ ቢለው እዚያው መቀመጫው ላይ ሒሳቡን መሥራት ጀመረ። ለአብራሪዎች የሚሆነው ማዳመጫ ለገበያ የበቃው በ1989 ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አስተናጋጇን ጠርቶ ይነጫነጭና ይተኛ ነበር።

ልብ በል፤ ነገሩ የተሠራው ለአውሮፕላን ሞተር ነው። አጥብቆ የሚያጠፋውም ወፍራሙንና ሳያቋርጥ የሚያጓራውን ድምፅ ነው። የሰው ንግግር፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የባጃጅ ጥሩምባ ቀጭንና ድንገተኛ ስለሆነ ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ እናታችን «ውሃ ቅዳ!» ስትል ትሰማታለህ። «አልሰማሁም» ለማለት አስበህ ከሆነ የጠየቅከኝ፣ 400 ዶላርም አያድንህም።

የሚያጠፋልህስ የትኛውን መሰለህ? ጎርፉን። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ጊዜ የሆነውን ትልልቆቹ ነግረውሃል። ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፤ ታች ያለው አሸዋ ደረቅ እንደሆነ ውሃው ከተፍ ይላል። ከውሃው ቀድሞ የሚደርሰው ጉርምርምታው ነው፤ ወፍራም፣ የማያቋርጥ፣ ያቺ ቺፕ ለማጥፋት የተማረችው ዓይነት። አንተ ደግሞ ለመንገድ ማሳጠሪያ ብለህ ፍየሎቹን ይዘህ በደረቁ ወንዝ ውስጥ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ይህን የምልህ ቀልዴን ትቼ ነው።

«ድምፅ የሚያስገባ ቁልፍም አለው፤ ሲነካ የውጭው ይሰማል» ልትለኝ ነው፤ ቲክቶክ ላይ አይተሃል። አዎ፣ አለው። ማይክራፎኑ የውጭውን ሰምቶ፣ ባትሪ በልቶ፣ ጆሮህ ውስጥ ይደግምልሃል። አቦ፣ ይህንን ሥራ ጆሮህ ያለ ቻርጅ ሲሠራው ኖሯል!

ማሽላውስ? እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥተህ ወፍ የምትጠብቀው አንተ ነህ። የግሪሳ መንጋ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ ይቀድማል፤ መጀመሪያ ክንፉ ነው የሚሰማው። ያንን የሚያህል ነገር ጆሮህ ላይ ደፍተህ ከተቀመጥክ ወንጭፉ እጅህ ላይ እንዳለ ማሳው ያልቃል። አባታችን ደግሞ አንተን አይቆጣም፤ «ማነው ይህንን የላከለት?» ብሎ ለኔ ነው የሚደውለው። ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ሰላምታ ሲሰጡህ ሳትመልስ ብታልፍ የሚመጣውንማ አልነግርህም። እዚህ ባቡር ውስጥ ማዳመጫ ያደረገ ሰው «አታናግሩኝ» ማለቱ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ዋሂል ላይ ግን ሽማግሌ ያስቀምጣል።

ካርቶኑ ላይ ስላሉት ቁጥሮች ደግሞ ላስጠንቅቅህ፤ ትልቅ ቁጥር ስታይ ልብህ ይሸፍታል። የዚያ የሶኒው መግለጫ «ከ4 እስከ 40,000 ሄርዝ» ይላል። የሰው ጆሮ ግፋ ቢል ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ነው የሚሰማው፤ የላይኛው ጫፍም በዕድሜ እየወረደ ይሄዳል። ተመራማሪዎች ለክተው እንዳገኙት ፍየል እስከ 37,000 ገደማ ትሰማለች። እንግዲህ ከ20,000 በላይ ላለው የምንከፍለው ለፍየሎቹ ነው ማለት ነው። ለእነሱ አስበህ ከሆነ ቁርጡን ንገረኝ፤ ቀንዳቸው ግን ያስቸግራል።

ከቁጥር ይልቅ የምታውቀውን ዘፈን ይዘህ መሞከር ይሻላል። ለአንተ የሚሆነው መለኪያ አሊ ቢራ ነው፤ ሌት ተቀን እሱን ነው የምትሰማው። ጥሩ ማዳመጫ ላይ ኡዱ ከድምፁ ተለይቶ ይሰማል፤ ክሩ ሲመታና ሲለቀቅ ታውቀዋለህ። ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ ባስ ተጭኖበት ነው የሚሸጠው። ሱቅ ውስጥ ጭንቅላትህን ሲያነቃንቀው «ይሄ ነው!» ትላለህ፤ ቤት ስትደርስ ባሱ ዘፋኙን ውጦታል። ውድ ሆነ ማለትም ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም። የአሊ ቢራ የድሮ ሥራዎች ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጡ ኖረው፣ በመጨረሻ ሚሞሪ የሚጭን ልጅ ጋ ሲደርሱ «ሽሽ» የሚለው የካሴቱ ሺሽታ አብሯቸው ደርሷል። 400 ዶላሩ ኡዱን አያድሰውም፤ ሺሽታውን ነው አጥርቶ የሚያሰማህ።

ምቾቱንም በአንድ ዘፈን አትፍረደው፤ በአንድ ዘፈን ሁሉም ምቹ ነው። ኤርፖድስ ማክስ 385 ግራም ያህል ይመዝናል። እኔ እዚህ ትልቁን ባደርግ ጆሮዬን ከብርድ ይከልልልኛል፤ እንዲያውም ክረምቱን ግማሹ ሰው ለዚያ የሚያደርገው ይመስለኛል። አንተ ግን በ35 ዲግሪ የሶኒውን ቆዳ መሳይ ትራስ ሁለት ጆሮህ ላይ ስታስር አስበው። ላቡ ትራሱን ይልጠዋል፤ ጥቁሩ ልጣጭ አንገትህ ላይ ይቀራል፤ እናታችን «ምን በሽታ ያዘህ?» ብላ ጤና ጣቢያ ትወስድሃለች።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ያስደሰተኝን ልንገርህ። ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን ያወጣው በ1979 ነው። ያ ዕቃ የማዳመጫ መሰኪያው ሁለት ነበር! ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የነበረው አኪዮ ሞሪታ፣ ሰው ብቻውን ማዳመጡ ነውር ይሆናል ብሎ ስለሠጋ ለሁለት ሰው አሠራው። ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረው፤ ሲጫኑት ዘፈኑ ዝቅ ይልና በማይክራፎን ከጎን ካለው ሰው ጋር ያነጋግራል። ይህ ሰው ከበርጫ ተነስቶ የሄደ ነው የሚመስለኝ፣ ወላሂ። ገዢው ግን ብቻውን መስማት እንደሚወድ ሲታወቅ ቁልፉም ሁለተኛው መሰኪያም ከኋለኞቹ ሞዴሎች ጠፉ። ዛሬ እዚህ ሁሉም በየጆሮው ይሄዳል። እናንተ ጋ ግን ስልክ ብርጭቆ ውስጥ ተደርጎ ድምፁ እንዲጎላ ሲደረግ ስምንት ሰው ይሰማል። የኢርፎኑን አንድ ጆሮ ለጓደኛህ ሰጥተህ አንዱን አንተ ይዘህ ስትሄዱም አውቃለሁ፤ አንዱ ሲፈጥን ከሌላው ጆሮ ይነቀላል።

ስለዚህ የመረጥኩልህ ይህ ነው። ከእኛ ክፍለ ግዛት ቀጥሎ ዊስኮንሲን አለ፤ እዚያ ሚልዋኪ በሚባል ከተማ ጆን ኮስ የሚባል ሰው በ1958 ተንቀሳቃሽ የሸክላ ማጫወቻ ሊሸጥ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበ። ሰው እንዲሞክርበት ብሎ ያያዘውን የስቴሪዮ ማዳመጫ ሲያዩ ማጫወቻውን ረስተው እሱን ያዙ፤ ኩባንያውም ማዳመጫ ሠሪ ሆኖ ቀረ። ከሥራዎቹ አንዱ ፖርታ ፕሮ ይባላል። ከ1984 ጀምሮ መልኩን ሳይለውጥ እስካሁን ይሸጣል። 100 ግራም አይሞላም፤ ታጥፎ ኪስ ይገባል፤ ትራሱ ስስ ስፖንጅ ስለሆነ አያልብም፣ ሲያረጅም በርካሽ ይቀየራል። ስገዛው ዋጋው የሶኒው አንድ ስምንተኛ ገደማ ነበር። (ይህን ዓረፍተ ነገር ለአባታችን ጮክ ብለህ አንብብለት።)

ባለ ገመድ ነው። ፊትህን አታጥቁር። አፕል በ2016 አይፎን ላይ ያለውን የማዳመጫ ቀዳዳ ደፍኖታል፤ ያንተ ቴክኖ ግን ቀዳዳው አለው። ገመድ ቻርጅ አይጠይቅም፤ መብራት ሲጠፋ የሚዘፍነው እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ 60 ኦም የሚል ታያለህ፤ ኦሙ ሲበዛ ስልክ ድምፁን ማውጣት ያቅተዋል ይባላል፤ ይሄ ግን በትንሽ ኃይል ስለሚጮህ ስልክህ ይችለዋል።

አሠራሩ ክፍት ነው። ጆሮህን አይደፍንም፤ ጎርፉም፣ ግሪሳውም፣ ሰላምታውም ይገባል። ያንተንም ዘፈን በትንሹ ወደ ውጭ ያፈስሳል። እዚህ ሰዎች ሲገመግሙት «ባቡር ውስጥ ጎረቤትን ይረብሻል» ብለው ነጥብ ይቀንሱበታል። እኔ በዚህ ነው ሙሉ ነጥብ የሰጠሁት፤ ዋሂል ላይ ጎረቤት የሚቀየመው ሳይሰማ ሲቀር ነው።

ጉድለት አለው። መያዣው ከብረት ስለሆነ ሲዘረጋና ሲታጠፍ ፀጉር ይነቅላል። ወይ ጎፈሬህን ተስተካከል፣ ወይ ከኮፍያ ላይ አድርገው። ዋስትናው የዕድሜ ልክ ነው፤ ሲበላሽ ግን ዕቃው ሚልዋኪ ድረስ መላክ አለበት። ስለዚህ ገመዱን ፍየል እንዳይበላው፤ ያቺ ቡላዋ ምን እንደምትወድ አውቃለሁ።

ድምፁን ደግሞ አታጡዘው። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ 90 ከሆነ ግን 4 ሰዓት ብቻ ይላል። አሥር ጨምረህ ሠላሳ ስድስት ሰዓት ታጣለህ። ሠርግ ላይ ሞንታርቦ ሥር ቆመህ የምታድረው ለብቻው ተቆጥሮ ነው፤ በዚያማ የዓመቱን ኮታ ጨርሰህ ይሆናል።

ዕቃውን የሚያመጣው ሰው ድሬ ሲገባ ይደውልልሃል። ከዚራ ድረስ ሄደህ ራስህ ተቀበለው፤ ሰው አትላክ። እሱ ሲመለስ እንዲያመጣልኝ ሙሸበክ ገዝተህ ስጠው፤ ሽሮፑ ልብሱን እንዳያበላሽበት በሁለት ፌስታል ቋጥረው። እናታችን በርበሬ ጨምሩ ካለች «ኪሎው አልቋል» በላት፤ ባለፈው የላከችው ገና አላለቀም።

አጎታችን «ለኔስ የታለ?» ማለቱ አይቀርም። ይሄ የሚያፈስ ስለሆነ አጠገብህ ተጠግቶ ይስማ። አልበቃኝም ካለ የማዳመጫውን አንድ ጆሮ ገልብጠህ ወደ እሱ አዙርለት።

ታላቅ ወንድምህ