ተደብቃ የምትታይ ሽጉጥ

ቆሰበር (እንጅባራ) ላይ ትጥቅ የሚያዘው እንዲታይ ነው። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሜዳውን ሲሞሉት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ፈረሱ ተሸልሞ፣ ባለቤቱ ተጀንኖ፣ ማን ቀደመኝ ከሚለው ይልቅ ማን አየኝ የሚለው ያስጨንቀዋል። ጠመንጃም እንዲሁ ነው። ትከሻ ላይ ይውላል፣ አፈሙዙ ከጋቢው በላይ ብቅ ይላል፣ ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም ከባለቤቱ ቀድሞ ይታያል። ምንሽር በፉከራ ስሙ ሲነሳ ኖሯል። «ማካሮቬ!» ብሎ በሽጉጡ የፎከረ ጀግና ግን እስካሁን አልተሰማም።

የትንሿ ሽጉጥ ጣጣ እዚህ ላይ ነው፤ የተሠራችው ልትደበቅ፣ የምትገዛው ልትታይ። የቆሰበር ብርድ ደግሞ ጋቢ አያስወልቅም፤ ጋቢ ስር የገባች ሽጉጥ እንደሌለች ትቆጠራለች። ስለዚህ ባለሽጉጡ ዘዴ ይፈጥራል። አረቄ ቤት ሲገባ አግዳሚው ላይ በአንድ ጎኑ ብቻ ይቀመጣል። ሂሳብ ሲከፍል ገንዘቡ የሚወጣው ሁልጊዜ ሽጉጧ ካለችበት በኩል ነው፤ ጋቢው ገለጥ፣ የማህደሩ ቆዳ ብልጭ ይላል። አስቀጂዋ ግን መልስ ልትቆጥር አቀርቅራለች! ምን ይደረግ፣ የጎረቤቱንም ሂሳብ ይከፍላል። በዚህ መንገድ ስንት ሰው በነፃ እንደጠጣ ቤት ይቁጠረው።

አንዴ ከታየች ግምገማው ይጀመራል። ገምጋሚዎቹ በአብዛኛው ሽጉጥ የላቸውም፤ ያላቸው አስተያየት ነው። ባለቤቱ ካርታዋን አውጥቶ፣ ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ፣ ባዶ መሆኗን አሳይቶ ያቀብላል (ይህን ሳያደርግ የሚያቀብል ካለ ወንበር መቀየር ነው)። የመጀመሪያው ሰው በመዳፉ ይመዝናታል። ማካሮቭ ጥይት ሳትጎርስ 730 ግራም ናት፣ ርዝመቷ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስምንት ጎራሽ። የሶቪየት ጦር በ1951 እ.ኤ.አ. ተቀበላት፤ እኛ ዘንድ በደርግ ዘመን የመኮንን ወገብ ላይ ሆና ታወቀች። «ቀላል ናት» ይላል መዛኙ፣ ቅር ብሎት። ብረት ከቀለለ ዋጋው አይታየውም።

ሁለተኛው የስታር ወዳጅ ነው። ስታርን ይሠራ የነበረው ኤይባር የሚባለው የስፔን ከተማ ፋብሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. ቢዘጋም እሱ «መለዋወጫው እንደ ልብ ነው» ይላል። ሦስተኛው የጣሊያን ቤሬታን ያነሳል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ከዳንግላና ከእንጅባራ የተባረረው የፋሺስት ጦር መኮንኖች ሽጉጥ እሷ ነበረች፤ ሰባት ጎራሽ፣ ጎኗ ላይ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ስንት ዓመት እንደሆነው በሮማ ቁጥር የተቀረጸባት። ዘመን ቆጣሪው ቀድሞ ሄደ፣ ብረቱ ቀረ።

«ለመሆኑ ስንት ሜትር ትደርሳለች?» ይላሉ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ።

«ሃምሳ ሜትር፣ አያ።»

«ሃምሳ ሜትር? እኔ እዚያ ርቀት ላይ ያለን ሰው ገና ጤና ይስጥልኝ እያልኩት ነው።»

ሳቁ ሲበርድ አንዱ ቴዎድሮስን ማንሳቱ አይቀርም፤ ትንሽነቷን የሚከራከርላት ሌላ ምሳሌ የለውማ። ንጉሡ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ተራራ አስቆርሰው መቅደላ ድረስ አስጎትተዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሲሰዉ ግን እጃቸው ላይ የነበረችው ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላቸው ሽጉጥ ናት። ብር ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ለቆንስሏ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ያመሰግናል። ይህ ሲነገር አረቄ ቤቱ ዝም ይላል፤ ባለሽጉጡም የራሱን ሽጉጥ ለአፍታ በሌላ ዓይን ያያታል።

ከታሪክ ወደ ጥይት ሲወረድ ነገሩ ይከብዳል። የማካሮቭ ቀለህ 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዓለም የሚጠቀምበት የታወቀው ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ደግሞ 19። «ዘጠኝ ቁጥር» ተብሎ የተገዛ እፍኝ ጥይት በአንድ ሚሊ ሜትር ምክንያት የመደርደሪያ ጌጥ ይሆናል። መቆለፊያዋም ጠባይ አላት፤ ማካሮቭ ወደ ላይ ሲገፋ ትቆለፋለች፣ ዋልተር ፒፒ ወደ ታች። ሁሉንም ሽጉጥ አውቃለሁ ከሚል ሰው መራቅ ለጤና ጥሩ ነው። ከሁሉ የከፋችው ግን አብረቅራቂዋ የቱርክ ስሪት ናት። ከመካከላቸው ሲሠሩ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ታስቦ፣ ኋላ አፈሙዛቸው ተቦርቡሮ «እውነተኛ» የሚደረጉ አሉ። እንዲህ ያለችውን የታጠቀ ሰው ከጠላቱ ይልቅ ለራሱ ጣቶች ቢሰጋ ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ደጉ ቀን ላይ የሚወራ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ተኩስ የሚያስቅ ነገር የለውም። ሕጉም ቢሆን ከዚያ ቀድሞ ጠበቅ ብሏል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታም ይዞ መገኘትን አይወድም። ባለሽጉጡ ሊታይ የሚመኘው ደግሞ እዚያው ሕዝብ በተሰበሰበበት ነው።

የቀረችው አንዲት አጋጣሚ ምዝገባ ናት። የዚያን ቀን ጋቢውን እቤት ይተዋል፣ ሽጉጧን በዘይት ወልውሎ፣ ማህደሯን ቀለም ቀብቶ፣ ተራውን ጠብቆ ጠረጴዛው ላይ ያኖራታል። መዝጋቢው ገልብጦ ቁጥሯን ይፈልጋል፣ ጽፎ ይጨርስና ቀና ሳይል «ቀጣይ!» ይላል።