ደግሞ ዛሬ ሳይን ነው

እንግሊዝ አገር ሥራ ፈትቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። ሳይን የምንለው በየሁለት ሳምንቱ፣ ሲብስም በየሳምንቱ፣ ጆብ ሴንተር የሚሉት የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ብቅ ማለት፣ ወርክ ኮች ከሚሉት ሠራተኛ ፊት አሥር ደቂቃ ያህል መቀመጥ፣ ተነሥቶ መሄድ ነው። አሥር ደቂቃ ምን አላት? ቡና እንኳ አይፈላባትም። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችንማ "ቁጭ ብላችሁ ይከፈላችኋል አሉ" እያሉ ይቀኑብናል።

የዚያች አሥር ደቂቃ ጣጣ የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ለሥራ አጥ ድጎማ ስንመዘገብ የፈረምናት ክሌይማንት ኮሚትመንት የምትባል ውል አለች። ከመሀላችን ስንቱ አንብቦ እንደፈረማት እንጃ። ሙሉ ጊዜ መሥራት የሚችል ሰው በእሷ መሠረት በሳምንት እስከ 35 ሰዓት ሥራ ሲፈልግ መዋል ይጠበቅበታል። ሥራ መፈለጉ ራሱ ሥራ ሆኖ አረፈው፤ ደመወዙ ግን ያው የምታውቁት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በጀመረው ተመን፣ ዕድሜው 25 የሞላ ብቸኛ ሰው የሚታሰብለት መነሻ በወር 400 ፓውንድ ከ14 ፔንስ ነበር። የቤት ኪራዩ ድጎማ ለብቻው ይታያል። ምግቡ፣ መብራቱ፣ ስልኩ፣ ለዚያው ለቀጠሮው የሚያደርሰው አውቶቡስ ግን ከዚህችው ነው።

እና በዋዜማው ማታ፣ የሥራ ፍለጋችን የሚመዘገብበት ኢንተርኔት ላይ ያለው ጆርናል ይከፈታል። ልጁ ከእንቅልፉ ጋር እየታገለ ለአባቱ ይጽፍለታል፦ ለጽዳት አመለከትሁ፣ መልስ የለም፤ ለመጋዘን አመለከትሁ፣ መልስ የለም። እኛ ደግሞ ሥራ የምናገኘው እንዲህ አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ፣ ወይም ካፌ በር ላይ አንዱ "እኛ ጋ ሰው ይፈልጋሉ፤ ነገ ና" ሲለን ነው የምንቀጠረው። ይህን ወርክ ኮቹ ፊት ብታወራ "ማስረጃው የታለ?" ትባላለህ። ምን ይታይ? የወዳጅህ ቃል ፎቶ አይነሣ! ስለዚህ ሥራ የሚያስገኘውን መንገድ ትተን ማስረጃ የሚያስገኘውን ስንከተል እንውላለን፤ መልስ ለማይሰጥ ድርጅት ማመልከቻ መላክ። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሲነጋ ደግሞ በሩ ላይ ጥበቃው አለ። ስም፣ ሰዓት፣ ከማን ጋር። ብትዘገይ እንዳልመጣህ ልትቆጠር ትችላለህ፤ እነሱ ሲዘገዩ ግን "ዛሬ ሰው በዝቶብን ነው" ይባልና ያልፋል። ገብተህ ስትቀመጥ ያለፈው ሠራተኛ ተቀይሮ ሌላ ይጠብቅህ ይሆናል፤ ታሪክህን ከሀ ትጀምራለህ። አይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ምን አደረግህ? የት አመለከትህ? ለሚቀጥለው ምን አስበሃል? ሲቪ አጻጻፍ ሥልጠና ልላክህ? የሚላከው እኮ የሠለጠነ ሰው ነው! አገር ቤት የሒሳብ ሠራተኛ የነበረች እህታችን "በሙያዬ ልፈልግ" ብትል፣ ያ ዕድል የሚሰጠው ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ብቻ ነው። እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ እስከ ሦስት ወር ነበር፤ ቆርጠው አሳጠሩት። ከዚያ ወዲያ የተገኘውን ሁሉ፣ መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅም ቢሆን፣ መያዝ ነው።

እንግሊዝኛው ለማይሆንለት አስተርጓሚ ይመደባል፤ ክፍያ የለውም፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው። የሰው ፊት እሳት ነው ይባል የለ? ፊቱ የማይታየው ደግሞ ሌላ ነው። ማኅበረሰባችን ጠባብ ስለሆነ ድምፁን ታውቀዋለህ። እሑድ ለት "አንተ፣ እንዴት ነህ?" የሚልህ ሰው ዛሬ "እርስዎ ባለፈው ሳምንት ስንት ሥራ ጠየቁ?" ይልሃል። ሁለታችሁም እንዳልተዋወቃችሁ ሆናችሁ ትጨርሳላችሁ። ያም ሆኖ ልጅን ከትምህርት አስቀርቶ ከማስተርጎም ይሻላል።

ሠራተኞቹን ሁሉ ልወቅስ አይደለም። ደግ አለ፤ ቀና ብሎ የሚያይ፣ "እዚህ ቦታ ሞክር" የሚል። እሱም ቢሆን አሥሯ ደቂቃ አለቀችበትና ቀጣዩን ይጠራል።

ይህ ምሬት የእኛ የስደተኞቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የምንወዳቸው የበርሚንግሃሞቹ ሬጌ ተጫዋቾች፣ ዩ ቢ ፎርቲዎች፣ ስማቸውን የወሰዱት በ1970ዎቹ ለሥራ አጥ ይሰጥ ከነበረው ቅጽ ነው። ኬን ሎችም በ2016 ካን ላይ የወርቅ ዘንባባ ያሸነፈበትን ፊልም የሠራው ልቡን ታሞ ከዚሁ ቢሮ ጋር ስለሚታገል የኒውካስል አናጢ ነው። ባለአገሩም በገዛ ቋንቋው ሰሚ አጥቷል።

የሚያስፈራው ግን ጥያቄው ሳይሆን ሳንክሽን የሚሉት ቅጣት ነው። ያለ በቂ ምክንያት ቀጠሮ የቀረ ሰው፣ ተመልሶ እስኪቀርብ ያለው ቀን ሁሉ ክፍያው ይቆረጥበታል፤ በዚያ ላይ ለመጀመሪያው ጊዜ 7 ቀን፣ በዓመት ውስጥ ሲደገም 14፣ ሲሠልስ 28 ቀን ይጨመርበታል። ለቅሶ ቤት ውለን፣ ልጅ ታሞብን፣ ደብዳቤው ሳይገባን ቀርተን የምንቀጣ ስንቶች ነን? አፋችንን ይዘን "የባሰ አታምጣ" ብለን እንመለሳለን። እባካችሁ አንመለስ። የምትቀሩበትን ምክንያት አስቀድማችሁ ጆርናሉ ላይ ጻፉት፤ በቃል የነገራችሁትን ማንም አያስታውስላችሁም። ከተቆረጠባችሁም ውሳኔው በተጻፈ በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ከቢሮው ውጭ የሆነ ይግባኝ ሰሚ ችሎት አለ፤ ለማመልከት አይከፈልበትም።