ባንድሶ ሲሾም

ባንድሶ ሁለት መዘውሮች ላይ የተጠለቀ፣ ጫፍና ጫፉ ተበይዶ ቀለበት የሆነ ጥርሳም ምላጭ የሚዞርበት መጋዝ ነው። አቅሙ በሁለት ልክ ይነገራል። አንደኛው ከምላጩ እስከ ማሽኑ ምሰሶ ያለው ወርድ ነው፤ ይህን የመዘውሩ ስፋት አንዴ ወስኖታልና ማንም ቢለማመጠው አይጨምርም። ሁለተኛው ከጠረጴዛው እስከ ላይኛው የምላጭ መምሪያ ያለው ቁመት ነው፤ ልመና የሚሰማው ይኸኛው ነው። ባለ 14 ኢንች መዘውር የጊዛ (በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያስገባል። ደሃና ወረዳ፣ አምደወርቅ ላይ ለሚሠራ አናጺ ይህ ለወንበርና ለአልጋ እግር ይበቃል። ለቤተ ክርስቲያን በርና ለንብ ቀፎ ግን አይበቃም፤ ዋግ ኽምራ ውስጥ ደግሞ ካህንና ንብ አንቢን ያስቀየመ እንጨት ቤት ዕድሜው አጭር ነው።

የጊዛው ማሽን ምሰሶ ባለ ሁለት ቁራጭ ነው፤ ላይኛውና ታችኛው በአንድ ወፍራም ቡሎንና በሁለት ካስማ ይገጣጠማሉ። ማሻሻያው ቡሎኑን ፈትቶ መሐል ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ቁራጭ ማስገባት፣ ከዚያ በረዘመ ቡሎን መልሶ ማሰር ነው። 15 የነበረው 30 ይሆናል። በወሬ ደረጃ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከላሜራ ተበይደው የተሠሩ ማሽኖች መጋጠሚያ ስለሌላቸው ይህ አይሆንላቸውም፤ «ቆርጬ እቀጥለዋለሁ» የሚል በያጅ አይጠፋም፣ ባለቤቱ ግን ባይሰማው ይሻላል።

ቁራጩ ከፋብሪካ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ይሠራል። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። ላይኛውና ታችኛው ፊቱ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው መዘውር ከቦታው ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ይሸሻል። ሁለቱ መዘውሮች በአንድ ቀጥታ ካልተያዩ ምላጩ እየተንሸራተተ ይወርዳል። «ምንም አይደል፣ ቀለም ይሸፍነዋል» የሚለው ማጽናኛ ለመስኮት ፍርግርግ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም።

አንድ ሰው ሲሾም ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደጅ እንደሚጠናው፣ ቁራጩ ገብቶ ከታሰረ በኋላ የማሽኑ ክፍሎች በሙሉ በየተራ አቤቱታ ያቀርባሉ። ቀዳሚው ምላጩ ነው። በአንድ ወገን ወርዶ በሌላው ስለሚወጣ፣ ምሰሶው 15 ሲያድግ እሱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የ2.37 ሜትሩ ቀርቶ የ2.67 ሜትር ይፈለጋል። ቀጥሎ ላይኛውን መምሪያ የተሸከመው ዘንግ ይመጣል፤ አጭሩ ካልተቀየረ ቀጭን እንጨት ሲቆረጥ መምሪያው እላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ በመካከል ያለው ምላጭም እንዳሻው ይወዛወዛል። መከለያውም ይጠይቃል፤ ካልረዘመለት ያ 15 ሳንቲ ሜትር እርቃኑን ለአናጺው ጣት ይቀራል። ከሁሉም የመከለያው ጥያቄ ለነገ የማይባል ነው፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሚመለሰው ግን እሱ ነው።

ምላጩን በመበየድ ማገናኘት የዚህ ማሽን የቆየ ጭንቀት ነው። ዊልያም ኒውቤሪ የተባለው እንግሊዛዊ በ1808 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ቢያወጣበትም፣ መጋጠሚያው ቶሎ ቶሎ ስለሚበጠስ ማሽኑ ለአሥርታት ያህል ከወረቀት ብዙም አልራቀም። ጨዋታውን የለወጠችው በ1846 የተሻለ የመበየጃ ዘዴ ያስመዘገበችው ፈረንሳዊት ክሬፓን ናት። ዛሬም ቢሆን ችግሩ መልኩን እንጂ ጠባዩን አልቀየረም። መጋጠሚያው በሞረድ በደንብ ካልተስተካከለ፣ ምላጩ በሰከንድ 15 ሜትር ያህል ሲሮጥ በእያንዳንዱ ዙር መምሪያውን ይነካል፤ በሰከንድ አምስት ስድስት ጊዜ «ጣ ጣ ጣ» ይላል። ያ ድምፅ ከጠነከረ ማሽኑን ማጥፋት ነው፤ ዘፈን ከፍቶ መሸፈን መፍትሔ አይደለም።

ሞተሩ ሌላው አቤቱታ አቅራቢ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ለመሰንጠቅ የተገጠመ የሦስት አራተኛ ፈረስ ጉልበት ሞተር 30 ሲመጣበት ያጉረመርማል፤ ቢያንስ አንድ ተኩል፣ ሲቻል ሁለት ፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። ፈረሱ ግን በቆጣሪው በኩል ነው የሚመጣው። የሞተር የመዞር ኃይል ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ይወርዳል፤ 220 መሆን ያለበት ቮልቴጅ 180 ላይ ሲወርድ ከኃይሉ ሢሶው ይጠፋል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ይህም የባለ አንድ ፈረስ ጉልበት ሞተር አራት እጥፍ ነው። እናም ጎረቤት ምጣድ ስትጥድ ምላጩ ግንዱ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። አናጺው ደጅ ወጥቶ «እትዬ፣ ስንት እንጀራ ቀረ?» ይላል፣ መልሱም «ገና አሁን አሟሸሁ» ነው። ጄኔሬተርም ነጻ አያወጣም፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ገደማ ስለሚያጣ ከ2000 ሜትር በላይ ባለው የዋግ ደጋ ላይ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል አየሩ ይወስድበታል።

የጥርስ ጉዳይ በአንጻሩ ርካሽ ነው፣ ስህተቱ ግን ውድ ነው። ለወፍራም ግንድ በኢንች 3 ጥርስ ይበቃል። ጥርስ የበዛበት ምላጭ ስለቱ የበለጠ ይመስላል፤ ነገር ግን በ30 ሳንቲ ሜትር እንጨት ውስጥ በጥርሶቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ገና ሳይወጣ በሰጋቱራ ይሞላል፣ ከዚያ መቁረጡ ቀርቶ ማቃጠል ይጀምራል። ሰፊ ምላጭ መግዛትም ያጓጓል። የትንሹ ማሽን ሞላ ግን በደንብ ወጥሮ የሚይዘው ግማሽ ኢንቹን ነው፤ የላላ ሰፊ ምላጭ ግንዱ ሆድ ውስጥ ጎብጦ ጣውላውን ገበቴ አስመስሎ ያወጣዋል።

አምደወርቅ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ለምን ይፈለጋል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን ቆርጦ መጠቀምን ከልክሎ ነበር፤ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍም አብዛኛው ከጭን አይወፍርም። ባሕር ዛፍ ደግሞ በውስጡ ውጥረት ይዞ ስለሚያድግ ሲሰነጠቅ ተመልሶ ምላጩን ይነክሳል፤ ከኋላ ሽብልቅ እያስገቡ መሄድ ግድ ነው። መልሱ ያለው ከግቢ በወደቀ አሮጌ ዋንዛ ላይ ነው። በመጥረቢያ ዘመን ግንድ ለሁለት ተፈልጦ፣ እያንዳንዱ ገጽ ተጠርቦ ሁለት ሳንቃ ይወጣና የቀረው ፍልጥ ሆኖ ምድጃ ይገባ ነበር። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሞራሌ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ሲሰነጠቅ፣ 3 ሚሊ ሜትር የሚበላው ሰርኩላር 7 ሲያወጣ 1 ሚሊ ሜትር የሚበላው ባንድሶ 9 ያወጣል። ሁለት ጣውላ ለምድጃ ብዙ ነው።

ንቡም ድርሻ አለው። የላንግስትሮዝ ቀፎ ግድግዳ 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሳንቃ ይፈልጋል። በ15ቱ ማሽን ሁለት ጣውላ በማጣበቂያ ይጋጠማል፤ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ግጥሙ ይከፈትና ቀፎው ያልታሰበ ሁለተኛ በር ያገኛል። ንቦቹ ይህን ከዛፍ በሚለቅሙት ሙጫ ለመድፈን ሲደክሙ ማሩ ይዘገያል። በ30ው ማሽን ግድግዳው ከአንድ ሳንቃ ይወጣል።

የቀሩት የ2.37 ሜትር ምላጮች ምስማር ላይ ተሰቅለው ያሳዝናሉ። ሁለቱን ቀጥሎ አንድ የ2.67 ማውጣት ይቻላል፤ መጋጠሚያው ግን ሁለት ይሆንና «ጣ ጣ»ውም ያንኑ ያህል ይበረክታል። የሚተርፈው 2.07 ሜትር ለዚህ ማሽን አይሆንም፤ ተቆራርጦ በእንጨት ደጋን ላይ ሲወጠር ግን ጥሩ የእጅ መጋዝ ይሆናል፣ መብራት በሄደ ቀንም ሥራ የሚይዘው እሱ ነው።