የጾም ወተት

የላም ወተት የቀመሰ ሕፃን ገላው ሽፍታ በሽፍታ ከሆነ፣ ከሐኪም ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ምክር ይዞ ይመጣል። «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ትላለች አንዷ። በእኛ ሰፈር ጥርስ የማያመጣው በሽታ የለም። «የሰው ዓይን ነው» ትላለች ሌላዋ። ሐኪሙ «የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው» ብሎ ከቆረጠ በኋላም ጉባኤው አይበተንም፤ አጀንዳ ብቻ ይቀይራል።

«እንግዲያው የፍየል ስጡት! ፍየል የማትበጥሰው ቅጠል የለም፤ ወተቷ መድኃኒት ነው።» ፍየሏ ያን ሁሉ ቅጠል ብትበጥስም የወተቷ ፕሮቲን ከላሟ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ከላም ወተት ጋር ከተጣሉ አሥር ልጆች ዘጠኙ ከፍየሉም ጋር ይጣላሉ። ሴት አያቱ በበኩላቸው ወተቱን አጥብቀው ከልክለው ቅቤ ያልሱታል። «ቅቤ መች ወተት ሆነ?» ይላሉ። ቅቤው ከየት እንደተናጠ የሚያስታውሰው የልጁ ሆድ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስልኳን ስትጎረጉር የቆየችው ዘመናዊት ቀና ትልና «የጾም ወተት ስጡት፣ የአኩሪ አተሩን» ትላለች። አሁን ተቃዋሚ ጠፋ። የጾም የተባለ ነገር ማንን ጎድቶ ያውቃል? ረቡዕና ዓርብ በማኪያቷችን የምንጠጣው አይደል?

የልጁ ሰውነት ግን ባሕረ ሐሳብ አልተማረም። የሚመረምረው ፕሮቲኑን እንጂ ጾምና ፍስኩን አይደለም፤ አኩሪ አተር ደግሞ ከሲሶ በላዩ ፕሮቲን ነው። በፈረንጆች 2004 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በእሽግ ምግብ ላይ በግልጽ ይጻፉ ካላቸው ስምንት ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች መካከል ወተትም አኩሪ አተርም አሉበት። የላም ወተት ወዲያው ሽፍታና እብጠት ከሚያስነሣባቸው ልጆች ከአሥሩ አንዱ ገደማ አኩሪ አተርም አይስማማውም። ወተቱ ዘግየት ብሎ ሆዳቸውን በሚያውክባቸው ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ይህ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል።

እርግጥ ለብዙዎቹ አኩሪ አተሩ ይስማማቸዋል። ይሁን እንጂ የአውሮፓ የሕፃናት ሐኪሞች ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ አይመክሩትም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን የሚሰጠው ለሕፃናት ተብሎ የተመጠነው የዱቄት ወተት እንጂ የካፌው ወይም በቤት የተጨመቀው አይደለም። የእናት ጡትም አይቋረጥም፤ ሐኪሙ ካዘዘ የወተት ተዋጽኦ የምትጾመው እናቲቱ ናት። ይህን ስትሰማ ቅቤ የጠገበ የአራስ ገንፎ ይዛ የመጣችው አክስት ትቀየማለች።

ይህን ሁሉ ከሐኪሙ ሰምተው ለሚመለሱ ወላጆች አንድ የመጨረሻ ምክር ይጠብቃቸዋል፦ «ጠብ ጠብ አድርጉለት፣ ይለምደዋል።» ቡና መስሏቸው እንደሆነ እንጃ። ያለ ሐኪም ክትትል በቤት የሚደረግ ይህ ልምምድ ልጁን ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል።

ደግነቱ አብዛኞቹ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ አለርጂው ይተዋቸዋል። ያን ጊዜ ምስጋናው ለዕድሜ አይሰጥም። የፍየሏ መካሪ ለፍየሏ፣ የአኩሪ አተሯ ለአኩሪ አተሩ፣ አያት ለቅቤያቸው ይወስዱታል። «አላልኳችሁም?» ሲባባሉ ዝም የሚሉት፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጉት ወላጆች ብቻ ናቸው።