ስለ ሁለት ጎማ የወጣ የፌዝ አዋጅ

ስማ፣ ስማ፣ ያልሰማህም ስማ!

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ጋር በዩኔስኮ የተመዘገበ በመሆኑ፤

እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 በስንት መከራ የወጣ በመሆኑ፤

ዋልያውና ጭላዳው ደረሰኝ ሳይቆርጡ የሚኖሩበት አገር በመሆኑ፤

በዚሁ ደጋ ካሉት የደን በሮች በአንዱ፣ ስሙ እንዳይጠራ በወሰንነው፣ አንድ ጎንደሬ ብስክሌቱን ይዞ ደርሶ የመግቢያ ታሪፉን ወረቀት ያሸበረ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. ይህ አዋጅ «የሁለት ጎማ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2. እግረኛ ይራመዳል።

አንቀጽ 3. ስለ ብስክሌት

(1) ብስክሌት ጎማ ስላለው ተሽከርካሪ ነው። ተሽከርካሪ የሚከፍለው በወንበሩ ልክ ነው። ባለ አንድ ወንበር ተሽከርካሪ በታሪፉ ላይ የለም። የለም ማለት ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ክልክል ነው ማለት ነው።

(2) በንዑስ አንቀጽ (1) የተደነገገው ቢኖርም፣ ባለቤቱ ወርዶ እየገፋ ከገባ ብስክሌቱ ጓዝ ይሆናል። ጓዝ የሚጫነው በበቅሎ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ በቅሎ ከነነጂዋ ይከራያል፤ እሱ ከኋላዋ በእግሩ ይከተላል።

(3) ጓዝ ሆኖ የገባ ብስክሌት ቁልቁለት ላይ ቢነዳ ጓዝነቱ ቀርቶ ተሽከርካሪ ይሆናል። በየት በር እንደገባ የማይታወቅ ተሽከርካሪ ደግሞ ሕገወጥ ነው።

(4) ብስክሌተኛ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት አስከትሎ ይሄዳል። ስካውቱ እግረኛ ስለሆነ ብስክሌቱ አይቀድመውም። ዳገት ላይ ስካውቱ ቢቀድም (ይቀድማል) ጥፋቱ የብስክሌተኛው ነው።

(5) ስካውቱን ማፈናጠጥ ክልክል ነው፤ ወንበሩ ሁለት ይሆንና ታሪፉን እንደገና ያፋልሳል።

(6) ታርጋና ሊብሬ የሌለው ብስክሌት፣ ማለትም ማንኛውም ብስክሌት፣ የበላይ አካል እስኪፈቅድ በሩ ላይ ይቆማል። የበላይ አካል ስብሰባ ላይ ነው።

(7) በስብሰባው መካከል ጭነቱን በሸራ የሸፈነ አይሱዙ ቢመጣ፣ ታሪፉ ላይ ስላለ፣ ሰንሰለቱ ወዲያው ይወርድለታል። ከሸራው ሥር የከሰል ብናኝ ቢያፈስ ብናኝ ታሪፍ የለውም።

ይህን ሰባተኛውን እኔ አልፈጠርኩትም። ብስክሌቴን ተደግፌ ቆሜ በዓይኔ አየሁት። ጥቁሩ ብናኝ ሰንሰለቱ በታሰረበት ድንጋይ ላይ ቀርቶ ነበር። ጥበቃው ግን ወደኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎ ደኑን እንዳይጎዱብን ብለን እኮ ነው» አለኝ። እኔ! በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች አስታውንና ጓሳውን እሳት ሲበላው፣ ከእስራኤል ባለሙያ እስኪመጣ ገበሬው በቅጠልና በአፈር ሲታገል፣ የእሳቱ ምክንያት ብስክሌት ነበር? በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ፓርኩ ይዳን ተብሎ ቀዬአቸውን ለቀው ደባርቅ ወረዱ። ሰው ለዱር ሲባል የአባቱን ቤት በለቀቀበት አገር ከሰል በቀን ብርሃን ያልፋል፣ ፔዳል ይከለከላል!

በክረምት ዝጉብን፣ አልከራከርም። ጎማ በረጠበ ዳገት ላይ ቦይ ያወጣል፤ ቦዩን ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። ይህ ምክንያት ነው። እኔ የሄድኩት ግን በጥር፣ አፈሩ እንደ ሸክላ ደርቆ ሳለ ነው፤ ስለ ጎርፍም ያነሳ አልነበረም። የተጠየቅሁት ሊብሬ ነው።

አንቀጽ 4. ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማስተዋል ሁሉ ተሽሯል።

አንቀጽ 5. አዋጁ በሩ ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

የበሩ ሹም ሆይ፣ ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ አስጎብኚውም በቅሎ አከራዩም እንግዳ እንደናፈቁ ነው። ታሪፉ ላይ አንድ መስመር ጨምር። «ብስክሌት» በል፣ ዋጋውን ጻፍበት፤ እንከፍላለን።